እጃችሁ የሚያውቀውን ወረቀቱም ይመስክር፦ በኬንያ ስለ ግንባታ ሙያ ሥልጠና፣ ልምምድና ፈተና



ባለፉት ወራት ወደ ትምህርት ክፍላችን ከደረሱት ጥያቄዎች መካከል ደጋግመው የተነሡት ሁለት ናቸው። አንደኛው የሚመጣው ዕድሜያቸው ገፋ ካሉ ወንድሞቻችን ነው። «አገር ቤት የታወቅሁ ግንበኛ ነበርሁ፤ እዚህ ካኩማ ከመጣሁም ወዲህ የሠራሁትን ቤት ቁጥሩን አላውቀውም፤ ታዲያ ሥራ ሲወጣ ለምን ከአካፋ ያዦች ጋር እመዘገባለሁ?» ይላሉ። ሁለተኛው የወጣቶች ጥያቄ ነው። «ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ፤ መሐንዲስ መሆን እፈልጋለሁ፤ በየት በኩል ልጀምር?» የሚል ነው።

ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ በር ላይ ይገናኛል። በሩም የፈተና በር ነው። በኬንያ የግንባታ ሥራ ውስጥ ክብደት ያለው ያስተማረን ሰው የሰጠን ወረቀት ሳይሆን የፈተነን መሥሪያ ቤት የሰጠን ወረቀት ነው። በዚህ እትም ይህንኑ ዘርዘር አድርገን ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ካላልን በስተቀር፣ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወረቀቱ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ከሕጉ እንነሣ። የኬንያ የስደተኞች ሕግ በ2021 ወጥቶ በፌብሩዋሪ 2022 ሥራ ላይ ውሏል። ሕጉ በ28ኛው አንቀጹ ስደተኛ በግሉም ሆነ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሥራ የመሥራትና ሙያውን የማካሄድ መብት እንዳለው ይናገራል። ነገር ግን ከዚያው ጋር አንድ ሐረግ አስከትሏል፤ ይኸውም «በኬንያ ሥልጣን ያለው አካል የተቀበለው የብቃት ማስረጃ ካለው» የሚል ሐሳብ ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ክፍል ሰምተን ደስ ይለንና ሁለተኛውን እንዘልለዋለን። ለስደተኞች የተመደበው የሥራ ፈቃድ ክፍል ኤም የሚባለው ሲሆን፣ እርሱን ማግኘት በተግባር ብዙ ወራት የሚፈጅና ብዙ ሰው ያታከተ ጉዳይ መሆኑን አንሸሽግም። ይሁን እንጂ ፈቃዱን ለመጠየቅ የሚቀርበው ሰው ምን መሥራት እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለው ጥያቄው ገና ከጅምሩ ይደክማል።

አንድ የምናውቀው ወጣት የደረሰበትን እናንሣ። ስሙንም፣ የተማረበትንም ቤት አንጠራም። ወንድሙ ከውጭ አገር በላከለት ገንዘብ ከካምፕ ውጭ በአንድ የግል ማሠልጠኛ ዐሥር ወር የኤሌክትሪክ ሥራ ተማረ። ትምህርቱ መጥፎ አልነበረም፤ ዛሬም ሽቦ ሲዘረጋ ብታዩት እጁ ንጹሕ ነው። በምረቃው ቀን በወርቅ ቀለም የታተመ፣ ትልቅ ማኅተም ያረፈበት ሰርተፊኬት ተሰጠው። ሥራ ሊጠይቅ በሄደበት ቦታ ግን መዝጋቢው ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «የፈተና ቁጥሩ የት አለ?» አለው። የፈተና ቁጥር አልነበረም። ማሠልጠኛው ተማሪዎቹን ለመንግሥት ፈተና አስመዝግቦ አያውቅም ነበርና። ልጁ ወደኋላ ተመልሶ እንደ አዲስ ለፈተና መቀመጥ ግድ ሆነበት። ስለዚህ ማናችሁም ለትምህርት ከመመዝገባችሁ በፊት መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «ስንት ነው?» ወይም «ስንት ወር ይፈጃል?» የሚለው አይሁን። «ስጨርስ የሚፈትነኝ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ «ማሠልጠኛው በቴክኒክና ሙያ ባለሥልጣኑ ዘንድ ተመዝግቧል?» የሚለው ነው። ይህ ባለሥልጣን በ2013 በወጣው ሕግ የተቋቋመ ሲሆን በአገሪቱ ያሉትን የሙያ ማሠልጠኛዎች የሚመዘግብና የሚቆጣጠር ነው። የተመዘገበ ተቋም የምዝገባ ወረቀቱን ለማሳየት አያፍርም።

አሁን ወደ ፈታኞቹ እንምጣ። ለእጅ ባለሙያ ዋነኛው ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ እዚህ ሰው ሁሉ በአጭሩ ኒታ ይለዋል። ቀድሞ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ዳይሬክቶሬት ይባል የነበረው ሲሆን አሁን ያለውን ቅርጽ የያዘው በ2011 ሕጉ ከተሻሻለ ወዲህ ነው። በናይሮቢ፣ በአቲ ሪቨር፣ በኪሱሙና በሞምባሳ የራሱ ማዕከላት አሉት። የሚሰጠው ፈተና የመንግሥት የሙያ ፈተና ይባላል። ግንበኛው፣ አናጺው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ቀለም ቀቢው፣ በያጁ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሁሉም በየሙያው ይፈተናል። ፈተናው ሦስት ደረጃ አለው፤ ጀማሪው ግሬድ 3፣ መካከለኛው ግሬድ 2፣ የበላዩ ግሬድ 1 ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ደረጃ 1 ጀማሪው ሲሆን ቁጥሩ እያደገ ይሄዳል። በኬንያ የሙያ ፈተና ቁጥሩ የሚሄደው በተቃራኒው ነው። አንድ አባት «ልጄ ከ2 ወደ 3 አደገ» ብለው ሲደሰቱ ሰምተን ነገሩን ማስረዳት ከብዶን ያውቃል። በኮሌጆቹ ደግሞ፣ ከዚህ በታች እንደምናየው፣ ቁጥሩ እንደገና ወደ ላይ ይቆጠራል። አንድ ሰው «ደረጃ አራት ነኝ» ካላችሁ የየትኛው ሥርዓት ደረጃ እንደሆነ ጠይቁት።

የሙያ ፈተናው ለእኛ ሰው ጠቃሚ የሆነበት ምክንያት ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰውም፣ ከፎርማን ሥር ሆኖ ሙያውን የተማረውም ሊቀመጥበት መቻሉ ነው። ክፍል ውስጥ ሳይገቡ በሥራ የተገኘን ችሎታ ለይቶ ዕውቅና የመስጠት አሠራርም አለ። የኬንያ መንግሥት ይህንኑ የሚመለከት ፖሊሲ በ2024 ይፋ አድርጓል። አመልካቹ የሠራቸውን ሥራዎች የሚያሳይ ማስረጃ ሰብስቦ ያቀርባል፤ ሙያውን የሚያውቁ መዛኞች ይጠይቁታል፤ በተግባርም ያሠሩታል። ስለዚህ ዐሥራ አምስት ዓመት ግድግዳ ሲያቆም የኖረ ሰው ማንካ አያያዝ ለመማር ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ የለበትም። ማስረጃው ግን በአንድ ቀን አይሰበሰብም። የሠራችሁትን ቤት በስልክ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ከመሠረቱ ጀምራችሁ በየደረጃው አንሡ፤ የተሠራበትን ቀንና የአሠሪውን ስም በደብተር ጻፉ፤ አሠሪው ሁለት መስመር የምስክርነት ቃል ቢጽፍላችሁ ይጠቅማል። በካሎቤዬይ ቤተሰቦች በተሰጣቸው የግንባታ ገንዘብ ራሳቸው ባለሙያ እየቀጠሩ ቤታቸውን ባሠሩበት ጊዜ ብዙ ወገኖቻችን እዚያ ሠርተዋል። ከእነርሱ መካከል አንድ ፎቶግራፍ ያስቀረው ግን ጥቂቱ ነው።

«እኔ ሥራውን አውቀዋለሁ፤ ፈተናው ምን ይጨምርልኛል?» ለሚሉት ደግሞ ከሥራው ውስጥ ምሳሌ እናምጣ። በግንበኝነት ፈተና ተፈታኙ በተለምዶ አንድ ሥዕል ይሰጠውና በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ማዕዘን ያለው ግድግዳ እንዲያቆም ይጠየቃል። መዛኙ በቱንቢ ቀጥታውን፣ በውሃ ልክ አግድሙን፣ በስኳድራ ማዕዘኑን ይለካል። ስኳድራ በሌለበት ጊዜ ማዕዘኑ በትክክል 90 ዲግሪ መሆኑን በምን ታረጋግጣለህ ተብሎም ሊጠየቅ ይችላል። በአንደኛው ክንድ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላኛው 80 ሳንቲ ሜትር ለክቶ ምልክት ማድረግ፣ ከምልክት እስከ ምልክት ያለው ሰያፍ በትክክል 100 ሳንቲ ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ልክ ነው። ይህን ብዙ ግንበኞቻችን በእጅ ያውቁታል፤ ሲጠየቁ ግን «እንዲሁ ይታየኛል» ይላሉ። መዛኝ «ይታየኛል» የሚለውን ቃል ነጥብ ሊሰጥበት አይችልም።

ስለ ኮንክሪትም እንዲሁ ነው። በልማድ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር ይባላል። ትክክል ነው። ነገር ግን ድብልቁ ሲወፍር ለመሥራት እንዲቀል ውሃ መጨመር በየሳይቱ የምናየው ጥፋት ነው። ሲሚንቶ ለመጠንከር የሚፈልገው ውሃ የተወሰነ ነው፤ የተረፈው ውሃ በኋላ ሲተን ቦታው ባዶ ይቀራል፤ በዐይን የማይታይ ቀዳዳ ይሆናል፤ ኮንክሪቱም ይደክማል። በሌላ በኩል ደግሞ ከተሞላ በኋላ ቶሎ እንዳይደርቅ ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥበት ሊጠበቅለት ይገባል። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚበልጥበት በእኛ አካባቢ ይህ ሥራ ነው፤ ጆንያ አልብሶ ጠዋትና ማታ ውሃ ማርከፍከፍ ይጠይቃል። ኮንክሪት ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። እንግዲህ ሲደባለቅ ውሃ ቀንስ፣ ከተሞላ በኋላ ውሃ አብዛ የሚሉት ሁለት ትእዛዞች ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው የሚጣረሱ ይመስሉታል። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ግን አዲስ ቦታ ሄዶ፣ አዲስ አሸዋ ገጥሞት፣ ፎርማኑ በሌለበት መወሰን ይችላል።

አሸዋን ካነሣን አይቀር፣ ከላጋው የሚወጣው አሸዋ ብዙ ጊዜ አፈር የተቀላቀለበት ነው። አንድ ብርጭቆ ወይም ጠርሙስ እስከ ግማሹ አሸዋ ሞልታችሁ፣ ውሃ ጨምራችሁ፣ በደንብ ነቅንቃችሁ ጥቂት ሰዓታት አስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይረጋል፤ ደለሉ ከላዩ እንደ ጭቃ ንጣፍ ይተኛል። ንጣፉ ወፍራም ከሆነ አሸዋው ሳይታጠብ ለኮንክሪት አይሆንም። ይህን ያህል ቀላል ነው፤ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም።

ሌላው እንቅፋት ቋንቋ ነው። እኛ የግንባታን ቃላት ብዙውን የወረስነው ከጣልያን ነው፤ ፌሮ እንላለን፣ ፍራታዞ እንላለን፣ ካፖማስትሮ እንላለን። እዚህ ያለው ፈተና በእንግሊዝኛ ነው፤ የሳይቱ ወሬ ደግሞ በስዋሂሊ ነው። ለማንኛውም የእጅ ባለሙያ ፉንዲ ይሉታል። ማንካው ምዊኮ ነው፤ ቱንቢው ቲማዚ ነው፤ አሸዋው ምቻንጋ፣ ጠጠሩ ኮኮቶ ወይም ባላስት ነው። ውሃ ልኩ ፒማ ማጂ ይባላል፤ ትርጉሙም ያው ውሃ መለኪያ ማለት ነው፤ ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ አንድ ስም አወጡለት። ፌሮ ሠራተኛ በእንግሊዝኛው ስቲል ፊክሰር ነው። አንድ ሥራውን የሚያውቅ ሰው «ሪንግ ቢም ሠርተህ ታውቃለህ?» ተብሎ ተጠይቆ «አላውቅም» ብሎ ተመለሰ። ኋላ ቤቱ መጥቶ ሲያጣራ ከግድግዳው ራስ ላይ ዙሪያውን የሚታሰረው የኮንክሪት ማሰሪያ ሆኖ አገኘው፤ ብዙ ጊዜ ሠርቶታል። ፈተና ከመግባታችሁ በፊት አንድ ወር የስዋሂሊና የእንግሊዝኛ የመሣሪያ ስሞችን በደብተር እየጻፋችሁ አጥኑ።

አሁን ደግሞ ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ እንሂድ። ወደ ኮሌጅ ለመግባት የሚጠየቀው የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ውጤት ነው። ለዲፕሎማ ሲ ማይነስ፣ ለክራፍት ሰርተፊኬት ዲ፣ ለአርቲዛን ከዚያም ዝቅ ያለ ውጤት ይበቃል። ለዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሲ ፕላስ ነው፤ ለምሕንድስና ግን የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ውጤትም ለብቻው ይታያል። በአዲሱ ሥርዓት አርቲዛኑ ደረጃ 4፣ ክራፍቱ ደረጃ 5፣ ዲፕሎማው ደረጃ 6 ይባላሉ። የዚህ ሥርዓት ጥሩነቱ ደረጃ በደረጃ መውጣት መፍቀዱ ነው። ውጤቱ ዝቅ ያለበት ልጅ በ4 ጀምሮ፣ ጨርሶ፣ ወደ 5 ቀጥሎም ወደ 6 ሊሻገር ይችላል። መንገዱ ይረዝማል እንጂ አይዘጋም። ውጤት ዝቅ ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን ይወቁልን።

ትምህርቱን አገር ቤት የጨረሰ ሰው የኢትዮጵያ ማስረጃው ከኬንያው ጋር ተመዛዝኖ አቻ ግምት እንዲሰጠው ማድረግ አለበት። ይህን የሚሠራው በ2014 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የኬንያ ብሔራዊ የብቃት ማዕቀፍ ባለሥልጣን ነው። የ10ኛ ክፍል ማስረጃ፣ የ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ 10 ሲደመር 2፣ የብቃት ምዘና ወረቀት፣ የተግባረ እድም ሆነ የሌላ ተቋም ዲፕሎማ ሁሉም ለየብቻው ይታያል። «የ12ኛ ክፍል ማስረጃ አለኝ፤ ስለዚህ ዲፕሎማ እገባለሁ» ብላችሁ አስቀድማችሁ አትወስኑ፤ ግምቱ ከመጣ በኋላ እንጂ።

ማስረጃን ካነሣን ዘንድ ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን እናስጠንቅቅ። ይህም የስም ነገር ነው። በአገራችን የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ስም እንላለን። እዚህ ደግሞ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱታል። በዚያ ላይ የፊደላችን ድምፅ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። ጸጋዬ በአንዱ ወረቀት ላይ በሁለት ፊደል ይጀምራል፣ በሌላው ላይ በአንድ። አንድ ሰው በስደተኛ መታወቂያው ላይ በአያቱ ስም፣ በትምህርት ማስረጃው ላይ በአባቱ ስም ብቻ ከተጻፈ፣ በመሥሪያ ቤቱ ዐይን ሁለት ሰው ነው። የፈተና ምዝገባ ከመድረሱ በፊት የመታወቂያችሁን አጻጻፍ በቁራጭ ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ያዙና መዝጋቢው ከእርሱ ላይ እንዲጽፍ ጠይቁ። በቃል አትንገሩት። ሰርተፊኬት ከታተመ በኋላ አንዲት ፊደል ለማስተካከል የሚጠፋው ጊዜ ፈተናውን ለማጥናት ከጠፋው ሊበልጥ ይችላል። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ 2008 ዓ.ም. ክረምት ላይ የተመረቀ ሰው በፈረንጆች የተመረቀው በ2016 ነው። ወረቀቱ ላይ 2008 ብቻ ከተጻፈና በሌላ ቦታ 2016 ብላችሁ ከሞላችሁ ያጭበረበራችሁ ያስመስላችኋል፤ ስለዚህ ትርጉሙ ሲሠራ ሁለቱም ዓመት ጎን ለጎን ይጻፍ።

ኮሌጅ የገባ ሰው የትምህርቱ አካል ሆኖ በሥራ ቦታ የሚያሳልፈው ጊዜ አለ፤ አታችመንት ይሉታል። ከዚያ ሌላ ደግሞ በኬንያ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ሕግ መሠረት በጽሑፍ ውል የሚገባ የተለማማጅነት መንገድ አለ። ድርጅቱና ተለማማጁ ውል ይፈርማሉ፤ ውሉ በኒታ ይመዘገባል፤ ተለማማጁ እየሠራ፣ በየመካከሉም ክፍል እየገባ ለዓመታት ይቆያል። ለዚህ ሥልጠና ገንዘብ እንዲኖር ሕጉ አሠሪዎች በእያንዳንዱ ሠራተኛ ልክ መዋጮ እንዲያስገቡ ያዝዛል። እውነቱን ለመናገር ይህ መደበኛ መንገድ ለስደተኛ ጠባብ ነው፤ ትላልቆቹ ድርጅቶች ያሉት ከካምፕ ውጭ ነውና የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ደግሞ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ ነው።

ስለዚህ አብዛኛው ወጣት የሚማረው ከአንድ ፉንዲ ጋር ተጠግቶ ነው። ይህን አንነቅፍም፤ አባቶቻችንም በዚሁ መንገድ ነው የተማሩት። የምንነቅፈው ሦስት ዓመት ጭቃ ሲያቦካና ውሃ ሲቀዳ ኖሮ ማንካ ሳይጨብጥ የሚቀረውን ልጅ ጉዳይ ነው። ከፉንዲው ጋር ሥራ ስትጀምሩ፣ ቤተ ዘመድ ቢሆንም እንኳ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተስማሙ። ምን ሙያ እንደሚያስተምር፣ ከስንት ወር በኋላ ራሳችሁ ድንጋይ መደርደር እንደምትጀምሩ፣ የምሳና የመሣሪያ ወጪ በማን እንደሆነ፣ በመጨረሻም ለፈተና ሲመዘገቡ ምስክር እንደሚሆን ይጻፍ። ሽማግሌ ይፈርምበት። ጋሼ እያልን የምናከብረውን ሰው ውል ማስፈረም ነውር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ በእኛ አስተያየት ነውሩ ሳይጻፍ ቀርቶ በኋላ መጣላቱ ነው።

በካኩማ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዶን ቦስኮ የሙያ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል፤ ግንበኝነት፣ አናጺነት፣ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክና ቧንቧ ከሚያስተምራቸው ናቸው። የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤትም በካኩማም በዳዳብም ለወጣቶች ሥልጠና ሰጥቷል። የቦታው ብዛት በየዓመቱ እንደ በጀቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ምዝገባ ሲወጣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መከታተል ያስፈልጋል። ለዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዳፊ የሚባለው በጀርመን መንግሥት እርዳታ በ1992 የተጀመረ የነጻ ትምህርት ዕድል አለ። የካናዳ የዓለም ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ ተማሪዎችን ወደ ካናዳ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲወስድ ኖሯል። ሁለቱም ቦታቸው ውስን፣ ውድድራቸው ብርቱ ነው፤ ብዙ ወጣት እነርሱን ብቻ እየጠበቀ ሁለትና ሦስት ዓመት ሲያባክን አይተናል። እየጠበቃችሁ ግሬድ 3 ብትፈተኑ የሚከለክላችሁ የለም።

ለሴቶች እኅቶቻችን አንድ ቃል እንጨምር። የግንባታ ሥራ ሁሉ ሲሚንቶ መሸከም አይደለም። የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የሶላር ገጠማ፣ የሴራሚክ ንጣፍ፣ ቀለም ቅብ ጥንቃቄና ንጹሕ እጅ የሚጠይቁ ናቸው። ክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት እሆናለሁ ብላ የፈራች ካለች ከጓደኛዋ ጋር ሁለት ሆነው ይመዝገቡ።

ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ በአንዳንድ ሙያ ሌላ ምዝገባ ይከተላል። ብሔራዊ የኮንስትራክሽን ባለሥልጣን የሠለጠኑ የግንባታ ሠራተኞችንና የሳይት ተቆጣጣሪዎችን መዝግቦ ዕውቅና ይሰጣል። የኤሌክትሪክና የሶላር ሥራ በሕዝብ ቤት ለመሥራት ከኢነርጂና ነዳጅ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ዲፕሎማ የያዘ ቴክኒሺያን የሚመዘገብበት ቦርድ በ2016 ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ ዲግሪ የያዘውን የሚመዘግበው የኢንጂነሮች ቦርድ ሌላ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ወዲያውኑ በሙሉ መሐንዲስነት አይመዘገብም፤ መጀመሪያ ተመራቂ መሐንዲስ ተብሎ ይመዘገብና ቢያንስ ሦስት ዓመት በሥራ ላይ ከቆየ በኋላ ነው ለሙሉ ማዕረግ የሚቀርበው። እንግዲህ ከግንበኛው እስከ መሐንዲሱ ልምምድን የሚዘልል የለም።

በመጨረሻ ስለ አደጋ። በ2007 የወጣው የኬንያ የሥራ ጉዳት ካሳ ሕግ ተለማማጅንም ከሠራተኛ ይቆጥረዋል። አሠሪ ተለማማጁ በሥራ ላይ ቢጎዳ «ገና ተማሪ ነው» ብሎ ማምለጥ አይገባውም። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ድጋፍ ሳይደረግ መግባት፣ በነጠላ ጫማ ጣራ መውጣት፣ ኃይሉ ሳይቋረጥ ሽቦ መንካት የድፍረት ምልክት አይደለም። ጉዳት ከደረሰ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና አብረው የነበሩትን ሰዎች ስም በዚያው ቀን አስጽፉ፤ የሐኪሙን ወረቀትም ያዙ።

ለምዝገባ ምክር ወደ ትምህርት ክፍላችን የምትመጡ ሁሉ የስደተኛ መታወቂያችሁን ዋናውን፣ ያላችሁን የትምህርት ማስረጃ ዋናውንና ሁለት ቅጂ፣ የሥራ ፎቶግራፍ ካላችሁም እርሱን ይዛችሁ ኑ። ዋናውን ወረቀት ለማንም ትታችሁ አትሂዱ፤ ታይቶ ወዲያው ይመለስላችኋል። የፈተና ክፍያ የምትከፍሉት ደረሰኝ ለሚሰጥ ተቋም ብቻ ይሁን፤ «እኔ በውስጥ በኩል አስጨርስላችኋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስሙን ሳይሆን መጀመሪያ ደረሰኙን ጠይቁት። የመሣሪያዎቹን ስም በአማርኛ፣ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የያዘ ዝርዝር በማዘጋጀት ላይ ስለሆንን፣ ከየሙያው የምታውቁትን ቃል በጽሑፍ ብታቀብሉን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።